ሕፃን መንገደኛ ነው እንጂ ጓዝ አይደለም

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ርቆ መኖር ከጀመረ ወዲህ ዘመድ ለመጠየቅ መንገድ መውጣት የኑሮው አንድ ክፍል ሆኗል። መስከረም ሲጠባ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚነሡ መኪናዎች የመስቀልን በዓል ከዘመድ ጋር ለማክበር ወደ ጉራጌ አገር በሚጓዙ ቤተሰቦች ይሞላሉ። ለጥምቀት ወደ ጎንደር፣ ለፋሲካና ለአረፋ ወደየትውልድ መንደሩ፣ በክረምት ዕረፍት ደግሞ አያቶችን ለመጠየቅ ወደ ገጠር የሚወጣው ሕዝብ ቁጥሩ ብዙ ነው። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ በታላቅ እኅቱ ጀርባ ታዝሎ፣ ወይም በወንበሮች መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ተሸጉጦ የሚሄድ አንድ መንገደኛ አለ። ቲኬት የለውም፤ ወንበር የለውም፤ ሲርበውና ሲጠማው በንግግር ሊያስረዳ አይችልም። ይህ መንገደኛ ሕፃኑ ነው።

ስለዚህ መንገደኛ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው «ሕፃን መንገድ አይችልም፤ ጠንክሮ ራሱን እስኪችል ድረስ ከቤት አይውጣ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ልጅ ምን ያስቸግራል? ታቅፎ መሄድ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሕፃኑን ከጉዞው ያስቀረዋል፤ ሁለተኛው ከጓዝ ጋር ይደምረዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ሕፃን ከቤተሰቡ ጋር መጓዝ ይገባዋል፤ ሲጓዝ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰብለት ሙሉ መንገደኛ መሆን አለበት።

በመጀመሪያ «ከቤት አይውጣ» የሚሉትን ሰዎች ሐሳብ እንመልከት። እነዚህ ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። የመንገድ ድካም፣ የአየር ለውጥ፣ የውሃና የምግብ አለመስማማት ከትልቅ ሰው ይልቅ ሕፃንን ቶሎ ይጎዳሉ። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ለበዓል ተብሎ ረጅም መንገድ ይዞ መውጣት እንደማይገባ እኔም እስማማለሁ። በዓል በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የሕፃን ጤና ግን አንድ ጊዜ ከተጎዳ እንደ በዓል ተመልሶ አይመጣም።

ይሁን እንጂ ጤነኛውንም ሁሉ ከቤት ማስቀረት የራሱ ጉዳት አለው። በከተማ ከሚያድጉ ልጆች ብዙዎቹ አያታቸውን የሚያውቁት በፎቶግራፍና በስልክ ድምፅ ብቻ ነው። የአያት ቋንቋ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሲዳምኛ ሆኖ የልጁ ቋንቋ ሌላ ሲሆን፣ ሁለቱ ተገናኝተው በአስተርጓሚ ይነጋገራሉ። ሕፃን ቋንቋን የሚለምደው ሰዋስው ተምሮ አይደለም፤ በጆሮው እየሰማ፣ በአያቱ ጭን ላይ እየተጫወተ ነው። ካደገ በኋላ የሚሄድ ልጅ ከአያቱ ደጃፍ የሚደርሰው እንግዳ ሆኖ ነው። በሕፃንነቱ የሄደው ግን ወደ ገዛ ቤቱ ይሄዳል። ከዚህም በላይ «ከቤት ይቅር» የተባለ ሕፃን ብቻውን አይቀርም። ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ራሱ ገና ያልጎለመሰ ወንድም ወይም እኅት፣ ወይም ከገጠር የመጣች ልጅ እግር ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ሕፃኑን ከመንገድ አደጋ አዳንነው ስንል ለሌላ አደጋ ትተነው እንደምንሄድ መዘንጋት የለበትም።

እንግዲህ ሕፃኑ ይጓዝ ካልን፣ እንዴት ይጓዝ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በዚህ ረገድ የቀደሙት ሰዎች ልማድ የሚያስተምረን ነገር አለ። መኪና ባልነበረበት ዘመን እናት ልጅዋን ይዛ ስትጓዝ በአንቀልባ ታዝለው ነበር። አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ፣ አንዳንድ ጊዜም በዛጎል የሚያጌጥ ነው። የሕፃኑን ጀርባ ደግፎ ከእናቱ ጋር አጥብቆ ይይዘዋል። በቆላው አገር የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ሰፈር ሲለውጡ ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን በግመል ላይ ከጎጆው ዕቃ ጋር በጥንቃቄ አደላድለው ይጭናሉ። ለስንቅ በሶና ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎም ይያዛል። ጉዞው በደካማው አቅም ይለካል፤ ልጅ የያዘች ስትደክም ሌላው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃታል። ይህን ስል የጥንቱ ጉዞ የተመቸ ነበር ማለቴ አይደለም። ረኀቡ፣ ወንዙና አውሬው ብዙ ሕፃናትን ከመንገድ አስቀርቷል። ነገር ግን በዚያ ጉዞ ውስጥ ለሕፃኑ የተለየ ቦታ ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ጉዞ አጥሯል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ የቀናት መንገድ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መስመር ተመረቀ። የመኪና መንገዱም ብዙ አገር አዳርሷል። ይህ ሁሉ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ዘመናዊው ተሽከርካሪ የሰውን መንገድ ሲያሳጥር ሕፃኑን ከአንቀልባው አውርዶ ሌላ ቦታ ሳይሰጠው ቀርቷል። አውቶቡስ የተሠራው ለትልቅ ሰው ነው። ወንበሩ፣ ቀበቶውና መያዣው ሁሉ በትልቅ ሰው ቁመት የተለካ ነው። ሕፃኑ የሚቀመጠው ከሌላው ሰው በተረፈው ቦታ ላይ ነው።

«ታቅፌዋለሁና ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። የእናት ክንድ በፍቅር ረገድ ጽኑ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ተፈጥሮ ግን በፍቅር አትመራም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለውን ሰው ከመወርወር ለመያዝ የክብደቱን 14 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ፊዚክስ የምትማሩ ተማሪዎች ስሌቱን ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። እንግዲህ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን በዚያች ቅጽበት እንደ 140 ኪሎ ሸክም ይሆናል ማለት ነው። አንድ ኩንታል እህልና ተጨማሪ 40 ኪሎ ድንገት ቢወረወር በክንዷ አቅፋ የምታስቀር እናት የለችም። ሕፃኑን ታቅፎ አንድ ቀበቶ ለሁለት መታጠቅም መፍትሔ አይሆንም፤ የትልቁ ሰው ክብደት ሕፃኑን ከቀበቶው ጋር ያደቅቀዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆችና ወጣቶች በመግደል ረገድ የመንገድ አደጋ ከሁሉም ምክንያቶች ቀዳሚ ነው። ስለዚህ የሕፃን መቀመጫ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። «ሁለት ሦስት ልጆች ያሉት ድኻ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሕፃን የወንበር ሒሳብ ከየት አምጥቶ ይክፈል? ይህ ሐሳብ ለባለጸጋ እንጂ ለእኛ አይሆንም» ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው። የቤተሰቡ ጉሮሮ ላይ ቆሞ «ወንበር ግዛ» ማለት ምክር ሳይሆን ፌዝ ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚገኘው መደምደሚያ «እንግዲያስ ሕፃኑ ያለ ቦታ ይሂድ» የሚል መሆን አይገባውም። ትክክለኛው መደምደሚያ ወጪው በእናት ቦርሳ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም የሚል ነው። የመጓጓዣ ድርጅቶች ለሕፃናት በቅናሽ ዋጋ የራሳቸውን ወንበር ቢሰጡ፣ ሕግ አውጪዎችም ይህን በደንብ ቢያጸኑት፣ ሸክሙ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ይህ እስኪሆን ድረስም ያለ ገንዘብ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። ትርፍ ሰው በጫነ መኪና አለመሳፈር፣ በሌሊት ከመጓዝ ቀንን መምረጥ፣ ሕፃን የያዘ ሰው ከነጂው ጎን፣ ከበሩ አጠገብና ከሞተሩ ክዳን ላይ እንዳይቀመጥ ማድረግ፣ ሕፃኑ በመተላለፊያው ላይ እንዳይቆም መከልከል አንድም ሳንቲም አያስወጣም።

ከወንበሩ ቀጥሎ ስለ መስኮቱ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ «መስኮቱን ዝጉት፤ ብርድ ይመታናል» የሚለውን ድምፅ ያውቀዋል። ውጭው በፀሐይ ሲቃጠል፣ ውስጡ በትንፋሽ ሲታፈን እንኳ መስኮት የሚከፍት ሰው እንደ ጠላት ይታያል። ይህ ልማድ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃኑን ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ ኩፍኝና ጉንፋን የሚተላለፉት ከመስኮት በሚገባ ንፋስ ሳይሆን በታፈነ ቦታ ከታመመ ሰው በሚወጣ ትንፋሽና ሳል ነው። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት መሰጠት የሚጀምረው ሕፃኑ 9 ወር ሲሞላው ነው። ስለሆነም ከዚያ ዕድሜ በታች ያለ ሕፃን በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ጋሻ የተሰለፈ ወታደርን ይመስላል። ብርድ የሚፈራ ሰው ጋቢ ወይም ነጠላ ሊደርብ ይችላል። ሕፃኑንም እንዲሁ መጠቅለል ይቻላል። ንጹሕ አየር ግን ከመስኮት በስተቀር በሌላ መንገድ አይገኝም።

ልጆች በመኪና ላይ የሚያስታውኩበት ምክንያትም ከዚሁ ከቦታ ማጣት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሕመም በተለይ ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ይበረታል። የውስጠኛው ጆሮ ሰውነት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ለአንጎል ይነግራል። ዐይን ደግሞ ከፊቱ ያለውን የወንበር ጀርባ ብቻ ስለሚያይ የቆመ ነገር እንዳየ ይመሰክራል። አንጎልም በሁለቱ ምስክሮች መካከል ግራ ይጋባል፤ ማቅለሽለሽና ማስታወክም ይከተላል። በወንበሮች መካከል የተሸጎጠው ሕፃን ውጭውን የማየት ዕድል ስለሌለው ከሁሉ ቀድሞ ይታመማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ልጁ በመስኮት አሻግሮ ሩቅ ያለውን ተራራ እንዲመለከት ማድረግ፣ ከጉዞ በፊት ከባድና ቅባት የበዛበት ምግብ አለማብላት፣ አየር እንዲያገኝ መስኮት መክፈት፣ ለክፉ ቀንም ፌስታልና ውሃ መያዝ ይበቃል። ያስታወከን ልጅ መቆጣት ግን ሕመሙ ላይ ኀፍረት መጨመር ነው።

የአገራችን መልክዓ ምድርም ከወላጅ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ብዙም ሳይቆይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የአየሩ ግፊት ስለሚለዋወጥ ትልቁ ሰው ጆሮው ሲደፈን ምራቁን ይውጣል። ሕፃኑ ግን ይህን አያውቅምና ያለቅሳል። ተሳፋሪው «ይህ ልጅ ምን ሆነ?» ብሎ ከማጉረምረም ይልቅ ምክንያቱን ቢያውቅ መልካም ነበር። እናቲቱ በዚያ ቁልቁለት ላይ ጡት ብታጠባው፣ በሚውጥበት ጊዜ ጆሮው ይከፈትለታል።

ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ፣ ወይም ወደ ሌላ ቆላማ ቦታ ለሚወርዱ ቤተሰቦች ሙቀቱና ወባው ሌላ ጉዳይ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በሙቀት ጊዜ የሚያስፈልገው ቶሎ ቶሎ የእናት ጡት መጥባት ነው። ከዚያ በላይ ላለው የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በንጹሕ ዕቃ መያዝ ይገባል። አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ለብዙ ሰዓት ካልሸና፣ እርግብግቢቱም ከጎደጎደ ውሃ እያለቀበት ነውና በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። መኪናው ለምሳ ሲቆም ሕፃንን በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ ፈጽሞ አይገባም። በፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ጊዜ ብቻ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላልና። የወባ ትንኝ በተለይ የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ ትበዛለች። ይህም ብዙ ቤተሰብ ለበዓል መንገድ የሚወጣበት ወቅት ነው። በደጋ ያደገ ሕፃን ወባን የመቋቋም ልምድ ስለሌለው ያለ አጎበር ማደር የለበትም። ከተመለሱ ከሳምንትና ከዚያም በኋላ ትኩሳት ቢይዘው፣ «ጉንፋን ነው» ብሎ ከመቀመጥ ሕፃኑ የት አድሮ እንደ ነበር ለጤና ባለሙያው መንገር ሕይወቱን ሊያድን ይችላል።

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ለእናት የተሰጠ የሥራ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። እንዲህ ከሆነ የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ተሳስቷል ማለት ነው። በጉዞ ላይ እናት ሕፃኑን ታቅፋ፣ ዘንቢሉን ይዛ፣ ሌላውን ልጅ በእጅዋ ስትጎትት፣ አባት እጁን አጣምሮ ከፊት የሚሄድበት ልማድ መቅረት አለበት። ልጅ የሁለት ሰው ከሆነ ሸክሙም የሁለት ሰው ነው። ከዚያም አልፎ ሕፃን የያዘ ቤተሰብ በተሳፈረበት መኪና ሁሉ፣ ነጂው፣ ረዳቱና ተሳፋሪው ድርሻ አላቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው የአበው አነጋገር ለአውቶቡስ የተነገረ ይመስላል። የሚያለቅስ ሕፃን ለአንዲት እናት ሸክም ነው። አንዱ ውሃ ቢያቀብል፣ ሌላው በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ቢለቅ፣ ነጂው ጥቂት ደቂቃ ቢያቆም፣ ረዳቱም «ቶሎ በሉ» ብሎ ባይጮህ፣ ያው ሕፃን የመኪናው ሁሉ ልጅ ይሆናል።

ይህን የምታነቡ ተማሪዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደላችሁም። በብዙ ቤት ታናሹን የሚያዝለው፣ በመናኸሪያው ግፊያ መካከል እጁን ይዞ የሚያሳልፈው፣ ሌሊት አጎበሩን የሚዘረጋለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው። ከሳይንስ ትምህርታችሁ ያገኛችሁትን ዕውቀት በቤተሰባችሁ ጉዞ ላይ ካልሠራችሁበት፣ ለፈተና ብቻ የተጠና ነገር ሆኖ ይቀራል። ዝግ መስኮት ሲያጋጥማችሁ በትሕትና ምክንያቱን አስረድታችሁ አስከፍቱ። ልጅ የያዘች እናት ቆማ ስታዩ «እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ» በሏት። ነጂው በፍጥነት ሲያበር ዝም ብሎ መጸለይ ብቻ ሳይሆን «ጋሼ፣ ሕፃናት ይዘናልና ቀስ ይበሉ» ማለትም ይገባል። ትልቅ ሰውን መናገር ድፍረት ይመስላችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ መናገር ለማይችለው ሕፃን የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል።

ለማጠቃለል፣ ሕፃን ከዘመዱ እንዲለይ ወይም ያለ ቦታው እንዲጓዝ የሚያስገድደን ነገር የለም። ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱም ከመነሣታችን በፊት «ጓዛችን ስንት ነው?» ብለን ስንቆጥር ሕፃኑን ከዘንቢሉና ከሻንጣው ጋር ሳይሆን ከሰዎቹ ጋር መቁጠር ነው። የአንድ ኅብረተሰብ ሥልጣኔ የሚታወቀው በሠራው መንገድ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ ከሁሉ ለሚያንሰው መንገደኛ በሰጠው ቦታም ጭምር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው «ሕፃን ከቤት አይውጣ» ከሚሉት ጋር የሚስማማው በምን ላይ ነው? የማይስማማውስ በምን ላይ ነው?
2. በጽሑፉ ውስጥ አንቀልባ የተጠቀሰው ምን ለማስረዳት ነው?
3. «ድኻ ቤተሰብ ለሕፃን ወንበር መክፈል አይችልም» ለሚለው ተቃውሞ የተሰጠው መልስ ያሳምናችኋልን? ምክንያታችሁን አስረዱ።
4. በአካባቢያችሁ ሕፃናት በመኪና የሚጓዙበትን ሁኔታ ተመልክታችሁ፣ የራሳችሁን አስተያየት በሦስት አንቀጽ ጻፉ።